የሰጠመ መርከብን ለማየት መጥለቅ፦ ጀማሪ ጠላቂዎች ውሃ ከመንካታቸው በፊት ሊወስኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከሱዌዝ ባሕረ ሰላጤ እስከ ዛንዚባር በሚዘልቀው የባሕር ዳርቻ ወለል ላይ በርካታ መርከቦች ተኝተዋል። ከፊሎቹ በጦርነት የተመቱ፣ ሌሎቹ በሌሊት ከኮራል አለት ጋር የተላተሙ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ለዓሣ መጠለያና ለጎብኚ መስህብ እንዲሆኑ ታስቦበት የሰጠሙ ናቸው። ብዙዎቹ ያረፉት ከ10 እስከ 35 ሜትር ጥልቀት ላይ ስለሆነ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ የሚጠልቅ፣ ማለትም የስኩባ ሥልጠና የወሰደ ሰው ሊደርስባቸው ይችላል።

የጀማሪዎች ችግር የሚነሳውም ከዚሁ ነው። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ደረጃ የምስክር ወረቀት የሚያገኘው በተለምዶ አራት ጊዜ ብቻ ባሕር ውስጥ ከጠለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ መጎብኘት የሚመኛቸው ዝነኞቹ መርከቦች ግን አብዛኞቹ ወረቀቱ ከሚፈቅድለት ጥልቀት በታች ይገኛሉ። ስለዚህ የጉዞው ዋና ውሳኔ የሚወሰነው በየብስ ላይ፣ ትኬት ከመቆረጡም በፊት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

ፓዲንና ኤስኤስአይን የመሳሰሉ ዓለም አቀፍ የሥልጠና ድርጅቶች ለጀማሪ የሚሰጡት ወረቀት እስከ 18 ሜትር ለመጥለቅ ያበቃል። ቀጣዩ ደረጃ 30 ሜትር ያደርሳል። ለመዝናኛ የሚደረግ የስኩባ ጠለቃ የመጨረሻ ወሰኑ 40 ሜትር ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ የተለየ ሥልጠና ያስፈልጋል።

እነዚህ ወሰኖች የወረቀት ሥርዓት ብቻ የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ። ስሌቱ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ወደ ታች በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል፤ በ30 ሜትር ላይ በባሕር ገጽ ካለው አራት እጥፍ ይሆናል። ጠላቂው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚወስደው አየርም በዚያው ልክ አራት እጥፍ ነው። በባሕር ገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር አየር የሚተነፍስ ሰው በ30 ሜትር ላይ 80 ሊትር ይጨርሳል ማለት ነው። በ200 ባር የተሞላ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር ወደ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 50 ባር ወይም 600 ሊትር ለመጠባበቂያ ሲቀነስ 1,800 ሊትር ይቀራል። ይህም በ30 ሜትር ላይ 22 ደቂቃ፣ በ18 ሜትር ላይ ደግሞ 32 ደቂቃ ገደማ ያቆያል። የተጨነቀ ጀማሪ በደቂቃ 25 ሊትር ቢተነፍስ 22ቱ ደቂቃ ወደ 18 ይወርዳል። ለመውረድና ለመውጣት የሚፈጀው አየርም የሚቀነሰው ከዚሁ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ቆጣሪ ናይትሮጂን ነው። በጥልቀት የሚተነፈስ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጂን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው በፍጥነት ከወጣ፣ ጠርሙሱ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። በፓዲ ሰንጠረዥ መሠረት በዕለቱ የመጀመሪያ ጠለቃ በመንገድ ላይ የግድ ማቆም ሳያስፈልግ መቆየት የሚቻለው በ18 ሜትር 56 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ወደ 30 ሜትር ሲጠጋ ናይትሮጂኑ አእምሮን እንደ መጠጥ ማደንዘዝ ይጀምራል። የአየር መለኪያውን ማንበብ የሚያስፈልገው ሰው ማንበብ የሚዘነጋው እዚህ ላይ ነው።

የትኛው መርከብ?

በቀይ ባሕር ከሚገኙት ሁሉ ዝነኛው የብሪታኒያው የጭነት መርከብ ቲስልጎርም ነው። በ1941 ኦክቶበር 6 ሌሊት በግብፅ ሻዓብ ዓሊ አጠገብ መልሕቁን ጥሎ ሳለ በጀርመን የጦር አውሮፕላኖች ተመትቶ ሰጠመ፤ ዘጠኝ ሰዎችም ሞቱ። በጭነት ክፍሎቹ ውስጥ የጭነት መኪኖች፣ ሞተር ብስክሌቶች፣ ጠመንጃዎችና የጎማ ቦት ጫማዎች ዛሬም ይታያሉ። መርከቡ በ30 ሜትር ገደማ ወለል ላይ ቆሞ፣ የላይኛው ክፍሉ ከ20 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጀማሪ የላይኛውን ክፍል ማየት የሚችል ይመስላል፤ በጸጥተኛ ቀንም ይችላል። ቦታው ግን በጠንካራ የባሕር ጅረት የታወቀ ነው። ጠላቂዎች የሚወርዱትና የሚወጡት ከመርከቡ ጋር በታሰረ ገመድ ሲሆን፣ ገመዱን የለቀቀ ሰው ከጀልባው ርቆ ሊወሰድ ይችላል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ቲስልጎርም ለመጀመሪያው ዓመት የሚመረጥ መርከብ አይደለም።

ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የአቡ ኑሐስ የኮራል አለት በርካታ መርከቦችን አጥፍቷል። ከእነዚህ አንዱ ካርናቲክ የተባለው የእንፋሎት መርከብ በ1869 ሴፕቴምበር ከአለቱ ጋር ተላተመ። ካፒቴኑ ረዳት መርከብ ይደርሳል በሚል ተስፋ ተሳፋሪዎቹን መርከቡ ላይ አቆያቸው፤ በማግሥቱ መርከቡ ለሁለት ሲሰበር 31 ሰዎች ሞቱ። እዚያው የሚገኘው የግሪኩ ጃኒስ ዲ በ1983 እንጨት ጭኖ ሲሄድ የሰጠመ ነው። ይህ መርከብ ወደ ጎኑ አጋድሎ ስላረፈ ወደ ውስጡ የገባ ሰው ግድግዳውና ወለሉ ይምታቱበታል፤ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች እንኳ የማዞር ስሜት ይይዛቸዋል።

ሳፋጋ አጠገብ የሚገኘው ሳሌም ኤክስፕረስ ከሁሉም ይለያል። ከጅዳ የተነሳው ይህ የመንገደኞች መርከብ በ1991 ዲሴምበር አጋማሽ እኩለ ሌሊት ገደማ ከኮራል ጋር ተላትሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመ። ይፋዊው የሟቾች ቁጥር 470 ገደማ ሲሆን፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ከመካ የሚመለሱ ምዕመናን ነበሩበት። ሻንጣዎችና የግል ዕቃዎች ዛሬም በአካባቢው ተበትነው ይገኛሉ። ብዙ አስጎብኚዎች ወደ ውስጡ አይገቡም፤ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ አይሄዱበትም። ከቤተሰቡ አንዱን በቀይ ባሕር ያጣ ሰው በሚበዛበት በዚህ ቀጣና ይህ የሚያስገርም አይደለም።

ለጀማሪ የሚስማሙት ብዙ ጊዜ ዝና የሌላቸው ናቸው። በዮርዳኖስ አቃባ የሚገኘው ሴዳር ፕራይድ ከእሳት አደጋ በኋላ ያለ ሥራ የቆመ የጭነት መርከብ ነበር፤ በ1985 ሆን ተብሎ ሰጠመ። ከባሕር ዳርቻው እየዋኙ የሚደረስበት ሲሆን፣ ከፊል አካሉም በ18 ሜትር ወሰን ውስጥ ነው። በአጎራባቿ ኤላት በ1994 የሰጠመው ሳቲል የተባለ የእስራኤል ባሕር ኃይል ጀልባ ከ24 ሜትር አይጠልቅም። በዛንዚባር ከተማ ፊት ለፊት በ1902 መጨረሻ ቀን ከፉንጉ ኮራል ጋር የተላተመው ግሬት ኖርዘርን የተባለ የብሪታኒያ የቴሌግራፍ ገመድ ዘርጊ መርከብ ቅሪት በ12 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከመርከቡ ቅርጽ የተረፈው ጥቂት ነው። ነገር ግን ለአንድ ጀማሪ ብረት የቱ፣ ኮራል የቱ እንደሆነ ረጋ ብሎ እየለየ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይበት ቦታ ነው።

በኬንያ ከሞምባሳ በስተሰሜን በ2002 የሰጠመው ዳኒያ የቀድሞ የከብት ማጓጓዣ ሲሆን፣ ወደ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወረቀቱ 18 ሜትር ለሚል ሰው አይሆንም። ሁለተኛውን ደረጃ ለሚማር ሰው ግን ከአስተማሪ ጋር የሚሄድበት ተገቢ ቦታ ነው።

ለኢትዮጵያና ለኤርትራ አንባቢ ልዩ ትርጉም ያለው ግን በፖርት ሱዳን ደጃፍ ያለው ኡምብሪያ ነው። ይህ የጣሊያን መርከብ ወደ ምጽዋና አሰብ የሚሄድ ከ5,000 ቶን በላይ ቦምብ ጭኖ ነበር። ቦምቦቹ በወቅቱ ኢትዮጵያን በያዘው የጣሊያን ጦር እጅ ሊገቡ የታሰቡ ነበሩ። ብሪታኒያውያን መርከቡን አስቁመው እየፈተሹ ሳለ፣ በ1940 ጁን 10 ጣሊያን ጦርነት ማወጇን በሬዲዮ የሰማው ካፒቴን ሎሬንዞ ሙየሳን ጭነቱ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ መርከቡን ራሱ አሰጠመው። ቦምቦቹ ዛሬም እንደተደረደሩ አሉ፤ ሦስት የፊያት መኪኖችም አብረዋቸው ቆመዋል። ከመርከቡ ከፊሉ ለባሕር ገጽ የቀረበ ስለሆነ፣ በጥልቀቱ ብቻ ቢመዘን ለጀማሪ ከሚመቹት አንዱ በሆነ ነበር። ሆኖም ሱዳን ከ2023 ኤፕሪል 15 ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ናት፤ ፖርት ሱዳንም በ2025 በድሮን ተደብድባለች። አሁን የሚታቀድ ጉዞ አይደለም። ጣሊያኖች በ1941 በምጽዋ ወደብ ብዙ መርከቦችን አስጥመው ነበር፤ ከእነዚህ ጥቂት የማይባሉት ከ1942 ጀምሮ ተነስተዋል። ወደ ዳህላክ ደሴቶች ለመሄድ ደግሞ የኤርትራ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ወደ ውስጥ መግባት

ክፍት ባሕር ላይ ችግር የገጠመው ጠላቂ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። መርከብ ውስጥ ያለ ግን በላዩ ላይ ብረት አለ፤ መጀመሪያ የገባበትን በር ማግኘት አለበት። በሩ ደግሞ ከደቂቃ በፊት እንደነበረው ላይታይ ይችላል። ለአሥርት ዓመታት የተጠራቀመ ደለል በአንድ የእግር መቅዘፊያ ምት ተነስቶ ክፍሉን በሙሉ ያጨልማል፤ ከሲሊንደር የሚወጣው የትንፋሽ አረፋም ከጣሪያው ላይ ዝገት ያረግፋል። የተንጠለጠሉ የኤሌክትሪክ ገመዶችና የዓሣ መረቦች ጠላቂውን ጠልፈው ሊይዙት ይችላሉ።

ለዚህ የሠለጠኑ ሰዎች ከመግቢያው ጀምሮ ገመድ እየዘረጉ ይገባሉ፣ ቢያንስ ሁለት የእጅ ባትሪ ይይዛሉ፣ አየራቸውንም በሦስት ይከፍላሉ፤ አንዱ ሲሶ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ሲሊንደሩ 200 ባር ከነበረ መለኪያው 130 ገደማ ሲያሳይ፣ ያማረ ነገር ፊት ለፊት ቢታይም ይመለሳሉ። በመዝናኛ ሥልጠና ደረጃ እንኳ ወሰኑ የመውጫው ብርሃን የሚታይበት ድረስ ብቻ ነው። ሥልጠናውን ያልወሰደ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ አይገባም። በመስኮትና በጭነት ክፍል አፍ ላይ ቆሞ በባትሪ ማየት ይቻላል፤ ከመርከቡ ውበት አብዛኛውም የሚታየው ከዚያ ነው።

አስቸጋሪው ነገር አስጎብኚው «ተከተሉኝ» ብሎ ሲገባ ነው። ቡድኑ ሲገባ ብቻዬን ልቅር ማለት ያሳፍራል፤ ገንዘብም ተከፍሏል። ስለዚህ «ወደ ውስጥ አንገባም፤ ከ18 ሜትር በታችም አንወርድም» የሚለው ቃል ጀልባው ላይ፣ አስጎብኚው ባለበት፣ ከጥንድ ጓደኛ ጋር ተስማምቶ አስቀድሞ መነገር አለበት። ይህን ሰምቶ የሚያኮርፍ አስጎብኚ ካለ ሌላ መፈለግ ነው። በዚያው ውይይት ላይ ሌሎችም ነገሮች ይወሰናሉ፦ አየሩ ስንት ባር ሲደርስ መመለስ እንደሚጀመር፣ የት ገመድ ላይ እንደሚወጣ፣ ጓደኛሞች ቢጠፋፉ ምን እንደሚደረግ። የተለመደው አሠራር አንድ ደቂቃ ፈልጎ ካልተገኘ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መውጣትና እዚያ መገናኘት ነው። ሲወጣም በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልፈጠነ ፍጥነት፣ በ5 ሜትር ላይም ሦስት ደቂቃ ቆሞ።

ዕቃ ማንሳት በየትኛውም ቦታ አይፈቀድም ብሎ መነሳት ይሻላል። በ2001 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት ቢያንስ 100 ዓመት በውሃ ውስጥ የቆየን ቅርስ የሚመለከት ቢሆንም፣ ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ያላቸውንም አገሮች በየሕጎቻቸው ይጠብቋቸዋል። ቦምብ ያለበት መርከብ ላይ ደግሞ እጅን መሰብሰብ የሕግ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጀልባውም ይፈተሻል

በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገኙትን ራቅ ያሉ ቦታዎች ለማየት ብዙዎች ለቀናት በሚያድሩበት ጀልባ ይሄዳሉ። በ2023 ጁን ሃሪኬን በተባለው ጀልባ ላይ በተነሳ እሳት ሦስት ብሪታኒያውያን ሞቱ። በ2024 ኖቬምበር 25 ንጋት ላይ ደግሞ ሲ ስቶሪ የተባለው ጀልባ በማርሳ ዓለም አቅራቢያ ተገልብጦ 11 ሰዎች ሞቱ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። አምስት ሰዎች አየር በቀረበት የጀልባው ክፍል ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ቆይተው ተርፈዋል። በሁለቱም አደጋዎች ሕይወት ያለፈው ሰዎች ጀልባው ላይ ሳሉ እንጂ ሲጠልቁ አልነበረም።

መንገደኛው የጀልባን ሚዛን መመርመር አይችልም። ነገር ግን መጠየቅ የሚችላቸው ነገሮች አሉ፦ ከመኝታ ክፍሉ ሁለተኛ መውጫ አለ? በሩ ከውጭ አይቆለፍም? ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው አለ? የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ የት ነው? ከመነሳት በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ ይደረጋል? የእጅ ባትሪና የካሜራ ባትሪዎች ሰው ተኝቶ ሳለ ቻርጅ ሲደረጉ ያድራሉ? በመጀመሪያው ምሽት መብራት ሳያበሩ ከአልጋ እስከ ላይኛው ወለል አንዴ መሄድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለጀማሪ ግን የዕለት ጀልባ ወይም ከዳርቻው የሚደረስ መርከብ የተሻለ ነው። አንድ ጠለቃ ካልተመቸው በቀጣዩ ቀን መቅረት ይችላል።

ወቅትን በተመለከተ በኬንያና በታንዛኒያ ዳርቻ ከኦክቶበር እስከ ማርች ባሕሩ የረጋና የጠራ ነው፤ ከኤፕሪል ጀምሮ ዝናቡና የኩሲ ነፋስ ያደፈርሱታል። እዚያ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት ከ3 ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል ሰዓቱ የሚመረጠው በዚያ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ይህ ልዩነት አነስተኛ ነው፤ በሰሜኑ ክፍል ግን በክረምት ወራት ውሃው ወደ 22 ዲግሪ ስለሚወርድ ወፍራም የጠላቂ ልብስ ያስፈልጋል።

ወደ ደጋ መመለስ

በአብዛኞቹ የባሕር ማዶ መመሪያዎች ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ፣ ለዚህ ቀጣና ነዋሪ ግን ምናልባት ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ። ከጠለቃ በኋላ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጂን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። በዚህ መካከል ሰውየው የአየር ግፊት ወዳነሰበት ቦታ ከወጣ አረፋ ሊፈጠር ይችላል። ለዚህም ነው ዳን በመባል የሚታወቀው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ወይም በተደጋጋሚ ከጠለቁ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ በአውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የሚመክረው።

አንድ ሰው ከሁርጋዳ ተነስቶ ካይሮ ቢያርፍ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ የቀነሰው ግፊት ሲያርፍ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አዲስ አበባ የሚያርፍ ሰው ግን ይህን ዕድል አያገኝም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ይህም አውሮፕላን በሰማይ ላይ ሳለ በውስጡ ከሚኖረው ዝቅተኛ ግፊት ጋር የተቀራረበ ነው። ተጓዡ ከአውሮፕላኑ ወርዶም በዚያው ግፊት ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ 18 ሰዓቱን እንደ ዝቅተኛው ልክ ቆጥሮ ሙሉ 24 ሰዓት መጠበቅ ብልህነት ነው።

አውሮፕላን አለመሳፈርም መፍትሔ አይደለም። ከምጽዋ አስመራ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን በጥቂት ሰዓታት ከባሕር ዳርቻ ከ2,300 ሜትር በላይ ያወጣል። ከሞምባሳ ናይሮቢ የሚሄደው ባቡርም መንገደኛውን በአንድ ጉዞ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። ጠዋት ዳኒያ ላይ ጠልቆ ከሰዓት በኋላ ባቡር የሚሳፈር ሰው ከበረረ ሰው የሚለየው በመስኮት ሜዳና ዱር ማየቱ ብቻ ነው። ለተራራ መንገድም የሚቆጠረው ሰዓት ለበረራ የሚቆጠረው ነው።

በመሆኑም የጉዞው ቀናት የሚቆጠሩት ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። እሑድ እኩለ ቀን በረራ ያለው ሰው የመጨረሻ ጠለቃውን ቅዳሜ እኩለ ቀን ሳይሆን ያጠናቅቃል፤ በአራት ቀን ጉዞ ውስጥ በእርግጥ የሚጠለቀው ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ነው። የቀረው ጊዜ ለከተማው ነው፤ የሞምባሳም ሆነ የዛንዚባር አሮጌ ሠፈሮች ለግማሽ ቀን አያንሱም።

ከመነሳት በፊት ሌላ መታወቅ ያለበት፣ በቅርብ ያለው የጠላቂ ሕመምተኛ መታከሚያ የግፊት ክፍል የት እንደሆነ ነው። ሻርም ኤል ሼክና ሁርጋዳ አላቸው። በሌላ ቦታ የጠለቃ ማዕከሉ ስልኩንና የመንገዱን ርዝመት ሊነግር ይገባል፤ ጀልባው ላይም ንጹሕ ኦክስጅን መኖሩን ማየት ነው። መደበኛ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ጠለቃን አይሸፍንም፤ የሚሸፍነውም ወረቀቱ ከሚፈቅደው ጥልቀት በታች ለደረሰ ጉዳት ላይከፍል ይችላል። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የጆሮ ችግር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴትም፣ ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ወይም ማዞር በሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዴም ቤት ከተገባ በኋላ ሊጀምሩ ይችላሉ። ከባሕር ርቆ በሚገኝ ከተማ ያለ ሐኪም ይህን ከጠለቃ ጋር ላያያይዘው ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው መጠለቁ፣ መቼና እስከ ስንት ሜትር እንደተጠለቀ፣ ከዚያም ከስንት ሰዓት በኋላ ወደ ደጋ እንደተወጣ ነው። በጠላቂው የእጅ ኮምፒውተር ላይ የተመዘገበውም ተይዞ ይሄዳል።